ማማ ሀበሻ እሺ ብላለች

ብርነሽን ናይሮቢ ያወቃት በአንድ ትንፋሽ ነው። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ የሚያጋንን ሰው አልወድም፣ ከቅዳሴ በኋላ በግቢያችን የሚወራው ይበቃኛል። ነገሩን በዓይኔ ስላየሁት ነው የማወራው።

ብርነሽ ልብስ ሰፊ ናት። ፓርክላንድስ ውስጥ ከአንድ የሕንድ መድኃኒት ቤት ጎን ጠባብ ሱቅ ተከራይታ የሴት ልብስ ትሰፋለች። የምትኖረው ካሳራኒ፣ እኔና ባለቤቴ መሠረት ከምንኖርበት ቤት በላይ ባለው ፎቅ ነው። አላገባችም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃትን ሰው ልክ ልኩን ትነግረዋለች። ስዋሂሊ የተማረችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ለክርክር ይበቃታል፣ ለቁም ነገር ግን ያጥራታል።

ዛራ ደንበኛዋ ነበረች። የሞምባሳ ልጅ ናት፣ ቁመናዋ ያማረ፣ ሥራዋ ተዋናይነት። ሐሙስ ሐሙስ ማታ በሚታይ የስዋሂሊ ድራማ ላይ ዋናዋ ሰው እሷ ነበረች፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ያለው ባል ያላትን፣ በኪራይ ግቢ የምትኖረውን አስተማሪ ትጫወታለች። እዚያ ለመድረስ ባዶ ወንበር በሞላባቸው ትንንሽ አዳራሾች ብዙ ዓመት ሠርታለች። አባቷ እስከዚያ ድረስ ሥራዋን እንደ ሥራ አልቆጠረላትም ነበር። ድራማው ሲጀመር ሞምባሳ ላይ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አብሮ ማየት ጀመረ፤ ይህንን ለብርነሽ ስትነግራት ያለቀሰችው ዛራ ብቻ አልነበረችም።

ብርነሽን ወደ ቀረጻው የወሰደቻትም ዛራ ናት፣ ለተዋንያኑ ልብስ እንድትሰፋ ብላ። እኔ ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ ልብሱን በአሮጌዋ መኪናዬ ጭኜ አደርስላት ነበር። ቀረጻ የማየት ሱስ የያዘኝም በዚያው ነው።

አንድ ቅዳሜ ባለሱቋን ጎረቤት የምትጫወተው ሴት በመንገድ መጨናነቅ ተይዛ ቀረች። ሁሉም ሰዓቱን እያየ ሲናደድ ዛራ፣ ዳዳ ቢሪ ትቁምልን አለች። ዳዳ እህት ማለት ነው፣ ቢሪ ደግሞ የብርነሽ ስም ሞምባሳ ሲደርስ የሚቀረው ነገር። የሚጠበቅባት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ባልየው መጥቶ ሚስቴ በዚህ አልፋለች ወይ ብሎ ይጠይቃታል፣ እሷ «ንዲዮ»፣ አዎ፣ ትለዋለች፣ ያበቃል።

ሰውየው ጠየቀ። ብርነሽ ካሜራውን ፈርታ ንዲዮን ረሳችውና እኔም እናንተም እንደምናደርገው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ አዎ አለች። እኛ ዘንድ ይህ ከአዎም የጠና አዎ ነው። ኬንያዊ ግን ሰው እንዲህ ሲተነፍስ ካየ፣ እባብ ታይቶታል ብሎ ነው የሚያስበው። ተዋናዩ ደንግጦ ዘወር አለ። ካሜራ ያዡም ዘወር አለ። ከኋላቸው ምንም እንደሌለ ሲያዩ ግቢው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የድራማው ባለቤትም ዋና ጸሐፊም የሆነው ዋንዮይኬ እንባውን እየጠረገ፣ እንዳለ ይቀመጥ አለ።

ተቀመጠ፤ ሐሙስ ታየ። በሳምንቱ የማታቱ ረዳቶች ብርነሽ ስትሳፈር ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እየሳቡ ይቀበሏት ጀመር። የካሳራኒ ልጆች ዳቦ ግዙ ሲባሉ በትንፋሽ ሆነ መልሳቸው። ስሟም ማማ ሀበሻ ሆኖ ቀረ። ከእኛ ሰዎች አቶ ሐብተማርያም፣ ሀበሻን መሳቂያ አደረገችው ብለው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቆጥተው ነበር። ኋላ ሁርሊንግሃም ባለው ምግብ ቤታቸው ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀሉና ሐሙስ ማታ ወንበር ማግኘት ጭንቅ ሆነ። እሳቸውን አላማቸውም፤ እኔም ጎረቤቷ መሆኔን ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ እናገር ነበር።

ብርነሽ ጋዜጠኛ ሲጠይቃት ነገሩን በደንብ አስረዳች። ድንጋጤ አይደለም፣ በአገራችን እሺ ማለት ነው፣ መስማማት ነው አለች። ዋንዮይኬ ይህን ሲሰማ እንደ ልጅ ተደሰተ። ባለሱቋን መጫወቱ ለብርነሽ ቀረ፣ ትንፋሹንም ድራማው ውስጥ አስገባው፤ የግቢው ሰዎች ትንፋሹን ለመዱት፣ ማማ ሀበሻ ከተነፈሰች ነገሩ ተፈርዷል ማለት ሆነ።

ክፋቱ እዚህ ላይ ጀመረ። ጸሐፊ እንደ ዝንብ ነው፣ የጣፈጠውን አይለቅም። መጀመሪያ ማማ ሀበሻ ድራማው ውስጥ ባላት ሱቅ በር ላይ ብቻ ነበረች። ቀጥሎ ሱቋ ውስጥ ገቡ። ቀጥሎ ሱቋ ፍርድ ቤት ሆነ፤ የተጣላ ሁሉ እዚያ ይመጣል፣ የጠፋ ዕቃ እዚያ ይገኛል። አስተማሪዋና ባሏ፣ ድራማው የተጻፈላቸው ሰዎች፣ በየሳምንቱ ብቅ ብለው፣ ማማ ሀበሻ ምን ትላለች ብለው ጠይቀው የሚወጡ ሆኑ። ዛራ የምትለብሰውን ቀሚስ ብርነሽ ሌሊቱን ሰፍታ ስታመጣ፣ ዛራ ለብሳው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ ታወልቀዋለች።

ዛራ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ብርነሽ የምትናገረው ሲበዛ ስዋሂሊውን ቁጭ አድርጋ ያስጠናቻት እሷ ናት። ቀስ በቀስ ሳቁ ቀነሰ። ምሳ ለብቻዋ መብላት ጀመረች። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ብላ ብትናገር ይቀል ነበር፤ አልተናገረችም። ብርነሽም አይታ እንዳላየ ሆነች። በመኪና ስንመለስ፣ ዛራ ዛሬ ራሷን አሟት ነው አይደል ትለኛለች፤ እኔም እሷ መስማት የምትፈልገውን እላታለሁ።

አንድ ቀን ዋንዮይኬ ቢሮው አስጠራት። ሻይ አስመጣላትና ለቀጣዩ ዓመት ያሰበውን ነገራት። አስተማሪዋ ታማ ወደ አገር ቤት ትገባለች፣ እዚያው ትቀራለች። ቤቱም ባሏም ልጆቿም በማማ ሀበሻ እጅ ይወድቃሉ። ድራማው ከዚያ በኋላ የማማ ሀበሻ ይሆናል። ይስማማሻል ወይ አላት።

ብርነሽ ደነገጠች፣ እውነተኛ ድንጋጤ። የደነገጠ ሰው ደግሞ፣ ሀበሻ ይሁን ኬንያዊ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ነው የሚስበው።

ዋንዮይኬ ብድግ ብሎ እጇን ጨበጣት። እምቢ እንደማትይ አውቄ ነበር አላት። ስልኩ ጮኸ፣ ሰዎች ገቡ፣ እሷ ስዋሂሊዋን ስትፈልግ በሩ ላይ ደርሳለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የብርነሽ ግን ወጥቶ እንኳን አይደለም፣ ገብቶ ነው።

ለዛራ የነገሯት በማግስቱ ነው። ማማ ሀበሻ እሺ ብላለች አሏት፣ በቃ። ዛራ ሱቅ ድረስ መጣች። እኔ የመሠረትን ጉርድ ልቀበል ሄጄ እዚያው ነበርኩ፤ ልውጣ ብል በሩን ይዛ ቆማለች። ለዘመድ ሰርግ እንድትሰፋላት የሰጠቻት ቀሚስ ገና አልተገጠመም ነበር፤ ጨርቄን ስጪኝ አለች።

ብርነሽ ጨርቁን አቅፋ ይዛ፣ እሺ አላልኩም፣ ደንግጬ ነው አለች።

ዛራ አልጮኸችም። «ዳዳ ቢሪ፣ ያ ትንፋሽ እሺ ማለት ነው ብለሽ አገሩን ሁሉ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። አሁን ለእኔ ሲሆን ድንጋጤ ሆነ?»

ዛራ ጨርቁን ከእጇ ወስዳ ሄደች። ብርነሽ መርፌውን ጨርቅ ላይ ለመሰካት ስትታገል ጣቷን ወጋች፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ በጣቷ አሳባ።

ወደ ካሳራኒ ስንመለስ እኔ ምክሬን አልቆጠብኩም። ሥራው የነሱ ነው፣ ያስወጧት እነሱ ናቸው፣ አንቺ ብትተይው ሌላ ያገኛሉ፣ ለሰው ብለሽ እንጀራሽን አትግፊ አልኳት። እውነቴን ነበር። ከሀበሻ አንድ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ወጣ ስንል ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚያሰኝ ነገር ምን አመጣው ብዬም ተናድጄ ነበር። እሷ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር። መሠረት ማታ ስነግራት፣ አንተ የምታዝነው ለሐሙስህ ነው አለችኝ። ልክ ነበረች።

ብርነሽ ዋንዮይኬ ዘንድ ተመልሳ ሄዳ፣ በማያሻማ ቃል፣ አልፈልግም አለችው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ልዋሽበት አልችልም። አስቀምጦ አስረዳት። ሰው የሚፈልገው አንቺን ነው አላት። አስተማሪዋ ጥሩ ሚስት ናት፣ ጥሩ ሚስት ደግሞ ሁለት ዓመት ከተናገረች በኋላ የምትለው ያልቅባታል፤ ጸሐፊዎቼ ለእሷ ወረቀት ሲይዙ እንቅልፍ ይይዛቸዋል አለ። ለማንኛውም የስንብቱን ቀረጻ ቅዳሜ እንጨርስና ሌላውን እንነጋገርበታለን ብሎ ሸኛት።

ቅዳሜ ወሰድኳት። ዛራ በሌላ ሰፊ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ትከሻው ላይ ይጎትታታል፣ ብርነሽ ይህን ስታይ እንዴት እንደተሰማት ፊቷ ላይ አየሁ። ተራው ደረሰ። የታመመችው አስተማሪ ሻንጣዋን ይዛ ሱቁ በር ላይ ትቆማለች፣ ቤቴን፣ ባሌን፣ ልጆቼን ትጠብቂልኛለሽ ወይ ትላለች፣ ማማ ሀበሻ ትተነፍሳለች፣ አስተማሪዋ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የዛራ ፊት አይታይም።

ዛራ ጠየቀች። ድምጿ ውስጥ የነበረው ልመና የድራማው ብቻ አልነበረም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ካሜራው ወደ ብርነሽ ዞረ።

«ሀፓና» አለች ብርነሽ፤ አይሆንም ማለት ነው። «ኡሲዬንዴ።» አትሂጂ።

ዋንዮይኬ አስቆመና፣ ማማ፣ ትንፋሹ ነው እንጂ ቃሉ አይደለም አላት፣ በትሕትና። እንደገና ጀመሩ። ዛራ እንደገና ጠየቀች። ብርነሽ እንደገና ሀፓና አለች፣ በዚህኛው ላይ ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ ሻንጣውን ከዛራ እጅ ተቀበለች። ዛራ ሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ይሳቅ ይለቀስ ለማንም አልገባውም። እኔ ሐሙሴን ረስቼ ነበር።

ዋንዮይኬ ሰዉን ምሳ ላከና ብርነሽን ለብቻዋ አነጋገራት። ብዙ አልቆዩም። ኋላ እንደነገረችኝ ያላት ይህን ነበር፦ ሁለታችሁንም አንድ ላይ የሚሸከም ድራማ የለኝም፣ አንዳችሁ መሄድ አለባችሁ። እሷም፣ ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል፣ የምትሄደውን አሁን አየሃት አለችው።

በዚያው ወር በድራማው ማማ ሀበሻ አገሯ ገባች። በአውቶብስ ወደ ሞያሌ ሲሸኟት ግቢው ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ ሻንጣዋን ይዛላት የምትሄደው አስተማሪዋ ናት። አቶ ሐብተማርያም ያን ሐሙስ፣ ምን የማትረባ ናት ብለው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ማታቱ ውስጥ፣ ለምን ሄድሽ እያሉ የሚወቅሷት ነበሩ፣ እዚያው ቆማ እያዩዋት። ድራማው ከዚያ በኋላ ትንሽ ሰንብቶ ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ ብዬ ለብርነሽ ብነግራት፣ ማን ላይ እንደምተርት እንኳ አልጠየቀችኝም።

ዛራ ለረጅም ጊዜ ሱቅ አልመጣችም። ድራማው ሳይቆም ነው የመጣችው፣ ገና ዋና ሰው ሳለች። እኔና መሠረት እዚያው ነበርን። ሰላም አለችን፣ ከቦርሳዋ ጨርቅ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች። የምትለው ነበራት፤ መጀመር ግን ከበዳት። ከዚያ አንገቷን አቅንታ ተናገረችው።

«በአንቺ ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ እሺ እል ነበር። ይህንን ሳልነግርሽ ሌላ ልብስ ማሰፋት አልቻልኩም።»

ብርነሽ ቀና ብላ አየቻት። «አውቃለሁ» አለቻት። «ያኔም አውቅ ነበር።»