የአባ ወልዴ እንቅልፍ

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ እንጦጦ ዳገት ላይ ባሕር ዛፉ ሥር ስንኖር፣ ተረት የሚነግሩን የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ነበሩ። አመሻሽ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ እኛ ቤት ጎራ ይሉና እጃቸውን ፍሙ ላይ ዘርግተው ሲያወሩ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን እንኳ ንቅንቅ አንልም ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ተረት የለም፤ «ለፋሲካ» ይሉናል፣ እኛም ፋሲካን ከዶሮው ይልቅ ለተረቱ እንናፍቀው ነበር።

አንድ ዓመት በፋሲካ ታዲያ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሲመጡ ሌላ ሰው መሰሉኝ። ሕማማቱን ሙሉ ሲሰግዱ ሰንብተው፣ ሌሊቱን ቆመው ቀድሰው፣ ከንጋት ጀምሮ ደግሞ በየንስሐ ልጆቻቸው ቤት ድፎ ሲባርኩ ነው የዋሉት። መባረክ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የእነ እገሌን ቀምሰው የእኛን ካለፉ ቅያሜ ነው፣ ስለዚህ ያ በጾም የከረመ ሆድ በየቤቱ ይጎርሳል። አባቴም ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ቆመ።

«ተው እስቲ አንተ ሰውዬ፣ ፊታቸውን አታይም?» አለች እናቴ።

«በዓመት አንዴ እኮ ነው! የኛ ሲሆን ጠገቡ?»

አባ ባልና ሚስቱ እንዳይጣሉ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ይኼኔ እኛ የኩታቸውን ጫፍ ጎተትን፤ «አንዲት ጦጣ ነበረች» ብለው ጀመሩና ዝም አሉ። ጦጣዋ ልትዘል መስሎን ሳቅን። አባ ግን ወደ እሳቱ እየወደቁ ነበር፤ እናቴ ናት ትከሻቸውን ይዛ ያስቀረቻቸው። መደቡ ላይ ስታስተኛቸው ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። አባቴ ያ ሁሉ ጉራው ጠፍቶ ውሃ ይዞ ተገተረ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ናቸው።

«ቄሳችንን ሰረቃችሁን እንዴ? ድፎዬ እኮ እየጠበቀ ነው!»

«የእርስዎ ድፎ ያድራል እትዬ፤ እሳቸው ግን ማደራቸውን እንጃ» አለች እናቴ፣ በሩን በሰውነቷ ዘግታ።

አባ ድምፁን ሰምተው ኖሮ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ዱላቸውን ይዳብሱ ጀመር። እትዬ ደስታ ያንን ሲያዩ ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። ቀስ ብለው ገቡና ዱላውን አንስተው ደጅ አቆሙት። አባቴም ለቀሩት ቤቶች «እንዳትጠብቁ» ሊል ወጣ።

አባ አደሩ። የጦጣዋን ነገር ግን ማናችንም መልሰን አልጠየቅናቸውም። ከዚያ ምሽት የቀረኝ ፍርሃት ነው፤ የምንወደውን ሰው እያጎረስን፣ እሱም እየመረቀን፣ ልንገድለው እንደምንችል።

ባለፈው ፋሲካ፣ አያት ኮንዶሚኒየም አብሬያት የምኖረው ልጄ ለአሁኑ የንስሐ አባታችን ደወለች። «አባ፣ የኛን ቤት እንዳይረሱ» ስትል ስልኩን ተቀበልኳት።

«አባቴ፣ ከቅዳሴው ወዲህ ጎንዎን አሳርፈዋል?» አልኳቸው።

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም መሰለኝ። «ኧረ የት አግኝቼ ልጄ፣ ገና ስንት ቤት ይጠብቀኛል» አሉኝ፤ ትንፋሻቸው በስልኩ ውስጥ ይቆራረጥ ነበር።