የልጄ ዲግሪና የኔ ጥምቀት

እኔ የተጠመቅሁት ሁምቦ ነው፣ ከተበላ ከተማ በታች ባለው ወንዝ። ውሃው ይበርዳል፣ ያጠመቀኝ ሽማግሌ ደግሞ እጁ ከባድ ነበር፤ ሊገድለኝ ነው ብዬ ነበር። ስለዚህ መጠመቄን የሚጠራጠር ሰው ሲመጣ አልወድም።

ሚስቴ ካረፈች በኋላ ሶዶ ገባሁና ለቤቴ ቅርብ ወደሆነው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ማኅበሩ ሌላ ነው እንጂ ጌታው ያው ጌታ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን «የእናንተ የጥምቀት ትምህርት ሦስት ወር ነው፣ የእኛ ስድስት። የቀረውን ይማሩና የጌታ እራት ይወስዳሉ» አሉኝ።

«የጎደለው ውሃው ነው ወይስ እኔ ነኝ?» ብዬ ተነሳሁ። ተነሳሁ ስል ከቤተ ክርስቲያኑ አልወጣሁም፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ የጌታ እራት በሚሆንበት እሑድ ትሪው በፊቴ ያልፋል። እኔም ሰው የሞላው ሚኒባስ ሲያልፍ እንደማየው ዝም ብዬ አየዋለሁ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

በዚህ መሐል የመጨረሻ ልጄ ኡጋንዳ የሒሳብ አያያዝ ተምራ መጣች። ሌሎቹ ልጆቼ ተበታትነዋል፤ ቤት ውስጥ የቀረችኝ እሷ ነች። እዚሁ ሶዶ አንድ መሥሪያ ቤት ሊቀጥራት ፈልጎ «መጀመሪያ የአቻ ግምት አምጪ» አላት። የውጭ ዲግሪ ከኛ ዲግሪ እኩል መሆኑን የሚመዝኑበት ነው። ተመዘነች፣ ጎደለች። ኡጋንዳ ሦስት ዓመት ያስተምራል፣ እኛ አራት። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የአንድ ዓመት ኮርስ ሙዪ ተባለች።

«ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ልቀመጥ?» አለች። «ካምፓላ እመለሳለሁ። እዚያ የሚመዝነኝ የለም።»

ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ስታወጣ አየሁና በማግስቱ ዲግሪዋን የመዘነው ቢሮ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጎልማሳ ደህና ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ።

«ኡጋንዳ አምስትና አምስት ስንት ነው የሚሉት?» አልኩት።

«አባባ፣ የክሬዲት ጉዳይ ነው እንጂ...»

«ከቢጠና ገበያ የመጣ በሬ ሶዶ ገበያ ሲገባ፣ ተመለስና አንድ ዓመት ጥጃ ሁን ይባላል?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ልጄ ብቻ መሬት መሬት ታያለች።

«የአካባቢያችን ሀገሮች ዲግሪያቸውን ሊያስማሙ እየተነጋገሩ ነው» አለኝ። «ያ ሲያልቅ ተማሪ ከካምፓላ ሶዶ፣ ከሶዶ ናይሮቢ ያለ ጣጣ ይሄዳል።»

«የት ነው የሚነጋገሩት?»

«ስብሰባ አለ። አንዳንዴ አዲስ አበባ፣ አንዳንዴ ሌላ አገር። ሆቴል ነው።»

«ቁርስ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው ቶሎ አያልቅም» ብዬ ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ማታ ቦይና፣ ከተሜው ጎደሬ የሚለውን፣ በሚያቃጥል ዳጣ እየበላን «ግቢና ተማሪ» አልኳት። «አንድ ዓመት ምን አላት?»

«አዋ» አለችኝ። በኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው፤ እንዲህ ስትጠራኝ ነገር አለ። «ሦስት ወርስ ምን አላት?»

«የኔ የእምነት ነው።»

«የኔስ? እልሄን ከገበያ የገዛሁት መሰለህ?»

ቦይናው ትኩስ ስለነበር እፍ እፍ አልኩበት። ከዋጥኩ በኋላ እሷው ቀጠለች። «አንተ ከገባህ እገባለሁ። ካልገባህ ሻንጣዬ ዝግጁ ነው።»

ገባሁ። ምን ላድርግ። ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች መሐል ተቀመጥኩ። አስተማሪው ወጣት ወንጌላዊ ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ትሕትና ነበር። «ይህንን ሁምቦ ጨርሼዋለሁ» ስለው «አባባ፣ ጨርሰው ቢሆን አይናገሩትም ነበር» አለኝ። ልጆቹ በደብተራቸው ተሸፍነው ሳቁብኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱን ወደድኩለት።

ሦስት ወር ተማርኩ። ያው የሁምቦው ትምህርት ነው፣ እዚህ ፕሮጀክተር አለ እንጂ። ልጄን ስጠይቃት «የኔም ያው የካምፓላው ነው፣ እዚህ ፕሮጀክተሩ ተበላሽቷል እንጂ» አለች።

የጨረስኩት እኔ ቀድሜ ነው። እሑድ ትሪው መጣ፣ ቆመ፣ ወሰድኩ። ቁራሿ የጥፍሬን ታክላለች። ያን ሁሉ ዓመት የተጣላሁት ለዚህች ነው? ግን ጣፈጠችኝ፤ ይህንን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም።

ልጄ ሁለተኛውን መንፈቅ ይዛለች። የሀገሮቹ ነገር አሁንም ሆቴል ነው አሉ። ሻንጣው ከአልጋ ሥር ተመልሷል፣ ግን አልተፈታም። ጠዋት ደብተሯን ይዛ ስትወጣ «ዛሬስ ካምፓላ ነሽ?» እላታለሁ።

«ከምሳ በኋላ» ትለኛለች።

እኔም ምሳ አዘገያለሁ።