ለአማቴ ኮርማ የንግድ ፈቃድ ስናወጣ

አማቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሶዶ ከተማ ዳር ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ግቢው ውስጥ ግንባሩ ነጭ፣ ደረቱ ሰፊ የፈረንጅ ዲቃላ ኮርማ አለ። መጀመሪያ ያሳደጉት ለራሳቸው ላሞች ነበር። ነገር ግን ላሞችን በመርፌ የሚያዳቅለው የመንግሥት ባለሙያ ሲፈለግ አንዳንዴ ሌላ ቀበሌ ይሆናል፤ የደራች፣ ማለትም ኮርማ የፈለገች ላም ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ጎረቤቶች፣ ቀጥሎ የጸሎት ቤታቸው ሰዎች፣ በኋላም ከሻንቶ ድረስ ላም እየጎተቱ የሚመጡ የማናውቃቸው ሰዎች በሩን ያንኳኩ ጀመር። እሳቸውም ለመኖ የሚሆን ነገር ይቀበላሉ።

አንድ ቀን ላሞቹ መንገዱን ዘግተው ባጃጅ አላሳልፍ ሲሉ የቀበሌ ሰው መጣ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ንግድ ሆኗል። ፈቃድ ያስፈልገዋል» አላቸው።

አማቴ ከሕግ ውጭ ቆመው አያውቁም። በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤታችን መጡ። «ተነስ፣ የቢሮ አማርኛ የምታውቀው አንተ ነህ» አሉኝ።

በንግድ ጽሕፈት ቤቱ መስኮት የተቀመጠው ሰው ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ፣ ከረባት ያሰረ፣ ትሁት ሰው ነበር። ከኋላችን ረጅም ሰልፍ አለ።

«የሥራው ዓይነት ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ኮርማ አለኝ።»

«ሊያደልቡ ነው?»

«አይደለም። የሰው ላም ያጠቃል።»

ከብት ላረባ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኮርማ ላም ላይ ሲወጣ አጠቃ ይባላል። የመስኮቱ ሰው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ብዙ ላም አጥቅቷል?»

«ቆጥሬ አላውቅም። በሰፈራችን እሱ ያላጠቃው ላም ያለ አይመስለኝም።»

«ባለቤቶቹ አልከሰሱም?»

«ለምን ይከሳሉ? ራሳቸው አይደሉም እንዴ ጎትተው የሚያመጡለት? እንዲያውም የሚቆጡት ሳያጠቃ ሲቀር ነው።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ይሄ የእኛ ጉዳይ አይመስለኝም። ፖሊስ ጋ ቢሄዱ ይሻላል።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አማቴ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባቸውም፤ ዞረው በመምህርት ዓይን ሲያዩአቸው ሰልፉ ተመልሶ ተስተካከለ።

«ወንድሜ፣ አንተ እስቲ አስረዳኝ» ብሎ ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

እኔ በአማቴ ፊት እግሬን አጣምሬ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ «ዘር... ዘር ማሻሻል ነው ሥራው» አልኩ።

ገባው። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየንም። አቀርቅሮ መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆይቶ «የእንስሳት ዝርያ ማሻሻያ አገልግሎት» የሚል መደብ አገኘ፤ ሆኖም ቦታው በባለሙያ መታየት አለበት አለ።

በሳምንቱ እሱና አንዲት የእንስሳት ሐኪም መጡ። ሐኪሟ የኮርማውን ደም ወሰደች፣ በረቱን ዞራ አየችና ጥሩ ነው አለች። አማቴ ግን በዚህ አልረኩም።

«ሥራውን ሳታዩ ምን ብላችሁ ትፈርማላችሁ?» አሉ።

ለካ የጎረቤት ላም ከጠዋት ጀምረው አዘጋጅተው ኖሯል። ላሟ ገባች። እኔ ለጨዋነት ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ ጸጥታው ሲበዛብኝ ዞሬ ባይ፣ ኮርማው ላሟን አሽትቶ፣ ሐኪሟን አይቶ፣ ባለከረባቱን አይቶ፣ ጥግ ሄዶ ተኝቷል። አማቴ የቤት ሥራውን ሳይሠራ እንደመጣ ተማሪ በወላይትኛ ገሠጹት። ዓይኑን ጨፈነ።

«ሌላ ጊዜ እንዲህ አይደለም። እንግዳ አይቶ ነው» አሉ አፍረው።

«ግድ የለም እማማ» አለ ባለከረባቱ፤ «እኔም ሰው ቆሞ ሲያየኝ መጻፍ አልችልም።» እዚያው በረቱ በር ላይ ፈረመ።

ፈቃዱ ወጣ። ቀጥሎ ታፔላ ስቀሉ ተባልን። የሠዓሊው ቆርቆሮ ፈቃዱ ላይ ለሰፈረው ለዚያ ሁሉ ቃል አልበቃ ስላለው ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በራሱ ሥልጣን አሳጥሮ በትልልቅ ፊደል «ምርጥ ዘር እዚህ ይገኛል» ብሎ ጻፈ። አማቴም አንብበው ወደዱት።

ጊዜው የበቆሎ መዝሪያ ነበር። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ዋዜማ አማቴ ቤት አድሬ ነበርና ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። ከሁምቦ የመጡ ገበሬዎች ባዶ ከረጢታቸውን ይዘው ተደርድረዋል።

«የበቆሎው ዘር ደረሰ?» አለኝ የፊተኛው።

አማቴ ከኋላዬ ብቅ አሉ። ከረጢቶቹን አዩ፣ ታፔላውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው፣

«በቆሎ የለኝም። ላም አለህ?» አሉት።

«አለችኝ፤ ቤት ናት።»

«እንግዲያው ስትደራ አምጣት።»

ሰውየው ከረጢቱን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ኮርማውን ልይ አለ። ሁሉም ተከትለው ገቡ። ከመካከላቸው ሌላ ቀን ላማቸውን ይዘው የተመለሱ አሉ። ታፔላውን ግን አማቴ አላስቀየሩም፤ በየዓመቱ መዝሪያ ሲደርስ በር ላይ ቆሜ በቆሎ እንደሌለን የማስረዳው እኔ ነኝ።