መምህሩ ውድድር ላይ ሳሉ

ወንድሜ ሰኞ ዕለት በመኪና አደጋ ሲሞት የቼዝ መምህሩ ሌላ ከተማ ውድድር ላይ ነበሩ። ሩሲያዊ ናቸው፤ ግራንድ ማስተር፣ የቼዝን ትልቁን ማዕረግ ያገኙ። በወጣትነታቸው ትልልቅ ተጫዋቾችን አሸንፈዋል። አሁን ደብሊን ውስጥ ልጆች ያስተምራሉ። ከስንት ዓመት በኋላ ለምኖ ወደ ውድድር የመለሳቸው ወንድሜ ነው። ጨዋታ በጨረሱ ቁጥር ቴክስት ያደርጉለት ነበር።

የወንድሜ ስልክ እኔ ጋ ነው። ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጮኸ። «ዛሬ አሸነፍኩ። አየኸው?» ይላል። ለአባቴ አሳየሁት።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ። «ሰውዬው ሥራ ላይ ናቸው። ሲመለሱ ሽማግሌ ይዘን በማለዳ ቤታቸው እንሄዳለን።»

«እስከዚያ ምን ልበላቸው?»

«በእሱ ስም ‹ደህና ነኝ› በላቸው።»

አልኳቸው።

ሐሙስ ቀበርነው። ከመቃብር ስንመለስ ሌላ መልእክት መጣ። «ፈረሴን ወደ ኋላ መመለሴ ስህተት ነበር?» እኔ ቼዝ አልችልም። «አይደለም፣ ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

«ዛሬ ምነው ራራህልኝ?» አሉኝ።

የሚስቅ ፊት ላክሁ።

መምህሩ በተመለሱ ማግስት፣ በማለዳ፣ አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኔም ሆነን ሄድን። በፒጃማ ከፈቱልን። እንኳን ደስ ያለዎት ልንል የመጣን መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ጓደኛዬስ? ተኝቶ ቀረ?»

አባቴ እንግሊዝኛ ብዙ ስለማይችል ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነገርኳቸው።

«መቼ?»

«ሰኞ። ያለፈው ሰኞ።»

«ታዲያ ማን ነበር የሚጽፍልኝ?»

«እኔ ነኝ።»

በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ግራንድ ማስተር በተባሉበት ውድድር መሀል እናታቸው ሞተው እንደነበር ነገሩኝ። አለቆቻቸው ጨዋታው እስኪያልቅ መርዶውን ደበቋቸው።

«አሸንፌ ስገባ ተቀብራለች» አሉ። «ለወንድምህ ነግሬው ነበር። አንተ አታውቅም።»

አባቴ «ምን አሉ?» አለኝ። መተርጎም አልቻልኩም። በእኛ ቤት ደግ ነገር የሠራን መስሎን ነበር።

ጫማቸውን አደረጉና «መቃብሩ ጋ ውሰደኝ» አሉ። ብቻቸውን በመኪና ወሰድኳቸው። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

መቃብሩ ድንጋይ ገና አልቆመለትም። አዲስ አፈር ያለበት ቦታ ደግሞ ሁለት ነው።

«የትኛው ነው?» አሉ።

በቀብሩ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም ነበር። ሁለቱን አፈር እያየሁ «አላውቅም» አልኳቸው።