ቧንቧው የተከፈተበት ሳምንት

ሌላው ሰው የከባድ መኪና ጭስ ሲመጣበት አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፤ እኔ ቆሜ እስበዋለሁ። የናፍጣ ሽታ ልደታ የነበረውን ግቢያችንን ያመጣልኛል። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፤ ከመንገድ ሲገባ ሽታው ቀድሞት ይደርሳል።

አንድ ሰኔ ላይ ሳይመለስ ቀረ። መኪናው ሚሌ አካባቢ ተገልብጦ ሞተ፤ ሙቀቱ አላስጠብቅ ቢላቸው ባልደረቦቹ እዚያው ቀበሩት። ለሚስቱ ተነገራት። ልጁ ግን በዚያው ሳምንት ማትሪክ ተፈታኝ ነበረች። እናትየዋ የእድሩን ዳኛ ለመነች፤ መርዶው ፈተናው እስኪያልቅ እንዲቆይ ተወሰነ። መርዶ እንደሆነ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እስከዚያው ግቢው ሁሉ ይዋሻል። «መኪናው ተበላሽቶ መለዋወጫ እየጠበቀ ነው» ተባለ።

እኔ ያኔ መጽሐፍ ያበላሸኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ውሸት ለማንም ቢሆን ውሸት ነው ብዬ ቤት ውስጥ ተከራከርኩ።

«ፈላስፋው፣ አንተ ዝም ብለህ ሒሳቧን አስጠናት» አለችኝ እናቴ።

ምስጢሩን ያወጣው ደግነት ነው። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧውን በቁልፍ የምትቆልፍ፣ ለአንድ ባልዲ ውሃ በቤተሰብ ሁሉ ላይ ስድብ የምታወርድ ሴትዮ ነበረች። ልጅቷ ለጥናት ስትመጣ ደብተሯን ሳትከፍት ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር።

«ቧንቧውን ከፍታ ‹ነይ ቅጂ የኔ ቆንጆ› አለችኝ። እኔን! ባለፈው ‹ድፍት በይ› ያለችኝ ሴትዮ! ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም። ፀባይ አሻሽላ ይሆናል።»

«አንተ ደግሞ ውሸት አትችልም። አባዬ ነው አይደል?»

ደብተሯን ስቤ የሒሳቡን ገጽ መፈለግ ጀመርኩ። ብዙ አለቀሰች፤ ደግነቱ ዝናቡ ድምጿን ዋጠው። ከዚያ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና «ማወቄን ለእማዬ እንዳትነግራት» አለችኝ። «ለእኔ ብላ ነው የቻለችው። ከንቱ አይሁንባት።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሁለቱም የምዋሽ ሰው ሆንኩ። እናትየዋ ጠዋት ጠዋት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አልቅሳ ትመለሳለች፤ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ረጥቦ፣ «ፀበል ተረጭቼ ነው» ትላለች። ልጅቷ ከፈተና ስትመለስ «ቀላል ነበር» ትላለች።

«አባትሽ ሲሰማ ደስ ይለዋል።»

«እንግዲያው ሽቶ ያምጣልኝ! የባለፈው ዓይነት እንዳይሆን በይው፣ የድመት ሽንት ነው የሚሸተው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ሻዬን ሳላማስል ጠጣሁት።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የእድሩ ዳኛ ነገሩን ሲያረዷት ልጅቷ ዛሬ ገና እንደሰማች ሆና ጮኸች፤ እናቷ አንገት ላይ ወደቀች። እናትየዋም ያን ጊዜ በይፋ፣ በሙሉ ድምጿ አለቀሰች። ይህ ትወና ነው የሚል ካለ ጩኸቱን አልሰማም።

ውጤቱ ሲመጣ ልጅቷ አላለፈችም። ስለዚህ ውሸታችን፣ በጥቅም እንመዝነው ካልን፣ ኪሳራ ነው። እውነትን ስለመናገር የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። አብዛኞቹን የጻፏቸው ሰዎች ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ያልነበራቸው ይመስለኛል።

ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነና ሁላችንም ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተንን። ዕቃ ላግዛቸው ሄድኩ። ልጅቷ ወንበር ይዛ ወጥታ ነበር። እናትየዋ ፍራሹን እየጠቀለለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ያን ጊዜ ልጄ ምንም አልጠረጠረችም፣ አይደል?»

«ምንም አልጠረጠረችም፣ እትዬ።»

«ተመስገን። ያቺን ሳምንት እንኳ በሰላም አሳለፈችልኝ» አለችና እንባዋ መጣ።

ቀና ስል ልጅቷ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ደርሳለች። ሰምታለች። አልገባችም፤ እናቷ ፊቷን ጠርጋ እስክትጨርስ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።