ሰዓዳ ያልከፈተችው ቀለህ

ሰዓዳን ዓይኗን ተኩላ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ባሏ ኡበይድ የዘመተ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዒዱም፣ በሰው ሠርግም፣ የገዛ ልጇን ሳጂዳን ስትድርም ዓይኗ ባዶውን ነበር።

"ምናለ፣ ጠርዙን እንኳ ብትነኪው?" እላታለሁ።

"ለማን ብዬ ሒሩትዬ? የሚያየው ሰው መንገድ ላይ ነው።"

መንገድ ላይ ነው የምትለው ሰው ከሄደ አርባ ዓመት አልፎታል።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ አንድ ግድግዳ ተካፍለን ነው ያረጀነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ምንም አይሸሽግም። እሷ ስታስል እኔ እነቃለሁ፣ የእኔ ሬዲዮ ለእሷም ይናገራል። ማንበብም የተማርነው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ሳጂዳን አዝላት ትመጣ ነበር። እኔ ፊደሉን ስረሳ እሷ በክርኗ ትጎስመኛለች፣ እሷ ስታንቀላፋ ደግሞ እኔ።

ኡበይድ የጋራዥ ሰው ነበር። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የማይጠፋ። ከሥራ ሲመጣ ከታች ከመታጠፊያው ጀምሮ ያፏጫል፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ያን ፉጨት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሰዓዳ የያዘችውን ጥላ ወደ በር ትሮጣለች፣ እኔም "መጣልሽ!" ብዬ ከዚህ ማዶ እጮኻለሁ። በኋላ ለዘመቻ ተወሰደ። ሰሜን ነው ተባለ። ከሰሜን ደግሞ ያን ጊዜ ደብዳቤም እንደ ልብ አይመጣም።

አንድ ቀን በክራንች የሚሄድ ወታደር ቤቷን ጠይቆ መጣ። ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጣት። ከጥይት ቀለህ የተሠራ የኩል ዕቃ ነው፤ ተወልውሎ እንደ ወርቅ ያበራል፣ ክዳኑ የሾለ የጥይት ጫፍ ነው። "ኡበይድ ነው የላከው። ለዓይንሽ ብሏል" አላት። ውኃ ጠጣና ሄደ። ከዚያ በኋላ ወሬም የለ፣ መርዶም የለ። መንግሥት ሲለወጥ ያ ሁሉ ወታደር በእግሩ እየተጎተተ ሲገባ ሰዓዳ መንገድ ዳር ቆማ አንድ በአንድ ስትጠይቅ ከረመች። ያየው አልተገኘም።

የኩል ዕቃውን በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አኖረችው። ዓርብ ዓርብ ታወጣዋለች፣ ትስመዋለች፣ ትመልሰዋለች። ከፍታው አታውቅም።

"ራሱ መጥቶ ይከፍተዋል" ትለኝ ነበር።

ልጇን ያሳደገችው ሻይና ዳቦ ሸጣ ነው። የላምበረት መናኸሪያ ሲከፈት ከሰፈራችን ጓዟን ነቅላ ሻዩን እዚያ ትሸጥ ጀመር። ገበያው ጥሩ ነው አለች። እኔ ግን ሄጄ አይቻታለሁ። በርጩማዋን ያስቀመጠችው ፊቷ ወደ መግቢያው በር እንዲሆን ነው፤ የሰሜን አውቶቡስ በገባ ቁጥር ሻዩን እየቀዳች ዓይኗ የሚወርደውን ሰው ይለቅማል። ሻይ የሚፈስስባት ያኔ ብቻ ነው።

እንዲህ እያለን የሳጂዳ ልጅ ጀናን ታጨች። ጉርድ ሾላ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ አያቷን "እማ" እያለች የምትጠራ፣ ጥሩ ልጅ ናት። ሰዓዳም አሰበች፣ አሰበችና፣ "የኩል ዕቃውን ለእሷ እሰጣታለሁ። ከአያቷ ከኡበይድ እጅ ይሁንላት" አለች። እኔ ባለሁበት አረንጓዴውን ጨርቅ ፈታችው። ጀናን አገላብጣ ስታየው፣

"እማ፣ ታች ላይ ቁጥር አለው እኮ! አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"መነጽር የት አለኝና። ምን ይላል?"

"ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት። ቆይ ሰርች ላድርገው።"

ስልኳን ስትነካካ ቆየች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

"ምነው?"

"ምንም።"

"ጀናን!"

"የጣሊያን ጥይት ነው ይላል፣ እማ። ዓመቱ ነው የተጻፈበት፣ አንድ ሺውን ትተው፤ በፈረንጅ ሠላሳ ስድስት፣ ጣሊያን የገባ ጊዜ ማለት ነው። ያኔ እኮ አያቴ እንኳ አልተወለደም።"

ሰዓዳ ዕቃውን ከልጅቱ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፣ ጨርቁንም አላለበሰችው።

"እነ ኡበይድ የያዙት ክላሽ ነበር" አለች። "ያ ሰውዬ አሳዝኜው ከአንዱ ሱቅ ገዝቶ ነው የሰጠኝ በሉኛ። ይኼን ሁሉ ዘመን የማንን ዕቃ ነው ስስም የኖርኩት?"

"እማ፣ ምናልባት..."

"ተይኝ። በሠርግሽ ቀን ውሸት አላስይዝሽም።"

ጀናን ደጅ ወጥታ አለቀሰች። "ምላሴን በቆረጠው፣ እማማ ሒሩት!" አለችኝ። እኔም ነጅመዲን ትዝ አለኝ።

ነጅመዲን ከእኛ በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የቡታጋዝ ምድጃ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ወታደር ሳለ በረሃ ውስጥ ሥራ ሲፈታ ከቀለህ ላይተር፣ ቀለበት፣ የኩል ዕቃ ይሠራ ነበር። ዛሬም ሰው አባቱ ትቶለት የሄደውን እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሲመጣ የየትኛው ጦርነት እንደሆነ አይቶ ይነግራል። ሰዓዳን ለምኜ፣ ጀናን በአንድ ጎን እኔ በሌላው ሆነን አወጣናት።

"ደግሞ ዛሬ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?" አለ ነጅመዲን። "ሦስት ሴት በአንድ ጥይት? ማንን ልትገድሉ ነው?"

"አንተን" አልኩት። "ቀልዱን ተወውና እየው።"

ዕቃውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ቂጡን ወደ ብርሃን አዞረው።

"ልጅቱ ልክ ናት። የጣሊያን ነው።"

ሰዓዳ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

"ቁጭ በይ እንጂ፣ መች ጨረስኩ! ቁጥሩ የሚናገረው ቀለሁ የወጣበትን ዓመት ነው። ዕቃው መቼ እንደተሠራ የት ያውቃል? ያ የለበስሽው ቀሚስ ጨርቁ የተሸመነ ቀን ነው የተሰፋው?"

ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት አነሳ። ወደ ቀለሁ ሲያስጠጋት ዝም። ወደ ክዳኑ ሲያስጠጋት ግን ጠቅ! ብላ ተጣበቀች። ጀናን "ውይ!" አለች።

"አያችሁ? ቀለሁ ናስ ነው፣ ማግኔት አይነካውም። ክዳኑ ውስጡ ብረት አለው። የክላሽ ጥይት ነው፣ እንዲገባለት ወገቡ ተሞርዶ። እንግዲህ ይኼን የሠራ ሰው ክላሽ ባለበት ቦታ የነበረ ሰው ነው። የሱቅ ዕቃም አይመስልም።"

"ክላሽ ባለበት የነበረ ሰው ስንት ነው?" አለች ሰዓዳ። "አገር ሁሉ አይደለም?"

ነጅመዲን ራሱን አከከ። "እሱስ ልክ ነሽ። የቀረውን ሳልከፍተው አላውቅም።"

ይህ ነው የከበደው። ክዳኑ ዙሪያውን በሰም ታሽጓል፤ ያሸገው ሰው እጅ ከነካው ወዲህ ማንም አልነካውም። ኡበይድ ከሆነ፣ የእሱ የመጨረሻ ሥራ ያ ሰም ነው። ሰዓዳ ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

"እኔ ልክፈተው" አለች። "ቢስሚላህ።"

ሰሙ ተሰነጠቀ። ክዳኑ ሲወጣ ከሥሩ መኳያው አብሮ ወጣ፤ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ጫፉ ዓይን እንዳይወጋ ክብ ሆኖ የተሳለ። ጥቁሩ ኩል እንዳለ ደርቋል። ነጅመዲን ወረቀት ላይ አራገፈውና የቀለሁን አፍ በመርፌ ጠረገው። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ።

"ይኼ ሰውዬ እጁ መልካም ነው። መኳያውን እዩት፣ ክዳኑን እዩት። ታዲያ አፉን ምን ብሎ አበላሸው?"

"እንዴት አበላሸው?" አለች ጀናን።

"በአንድ ጎኑ ሸርፎታል፣ እንደ ማንኪያ። የኩል ዕቃ አፉ ቀጥ ማለት አለበት፣ አለዚያ ኩሉ ይፈስሳል። ይኸው፣ ስለሚፈስስ ነው ሽርፉን በሰም የሞላው። ሽርፉ ደግሞ የቆየ ነው፣ በመዳሰስ ብዛት ለስልሷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይኼ ነገር ኩል ሳይዝ በፊት ሌላ ሥራ ነበረው።"

ሰዓዳን ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ የሌላ ሰው ሆኗል።

"ስጠኝ" አለችው።

አፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ታችኛው ከንፈሯ ላይ አስደገፈችው። ነፋችው። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ትንሽ አዘነበለችውና እንደገና ነፋችው።

አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

እኔ ለካ ተነስቼ ቆሜያለሁ። "መጣልሽ!" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጉልበቴን ሲያመኝ የከረምኩ ሰው፣ እንዴት እንደተነሳሁ ዛሬም አላውቅም።

"በአፉ አልነበረም እኮ የሚያፏጨው" አለች ሰዓዳ። "ሒሩት፣ ረሳነው! በቀለህ ነበር።"

አዎ፣ በቀለህ ነበር። ሙሽራ ሳለች እንጦጦ ወጥተው፣ ዝናብ የሸረሸረው ቦይ ውስጥ ነው ያገኙት። በጣሊያን ጊዜ በዚያ ጫካ ውስጥ ተኩስ ነበር ሲሉ ከትልልቆች ሰምተናል። ከዝናብ በኋላ መሬቱ ቀለህ ይተፋል። ኡበይድ አንዱን አንስቶ በሱሪው ጠረገው፣ ጋራዥ ወስዶ አፉን በሞረድ ሸረፈውና ፉጨት አደረገው። ያኔ ግን አረንጓዴና ጥቁር ነበር፣ ዝገት የበላው። የሚያብረቀርቀውን ያን የኩል ዕቃ ከእሱ ጋር ማን ያገናኘዋል? አፉን ብታይ ታውቀው ነበር፤ እሷ ግን እንዳይነካ ብላ ሳትከፍተው ኖረች።

ነጅመዲን መርፌውን አስቀመጠ። "ሱብሐነላህ!" አለ። "ስንት ቀለህ በእጄ አልፏል። ድምፅ ያለው ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።"

ሁላችንም አየነው። ከጣት የማይበልጥ ነገር። በጣሊያን አገር ተሠርቶ፣ እዚህ ኮረብታ ላይ በማን ላይ እንደሆነ እንጃ ተተኩሶ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ፣ ሚስት ሲጠራ ኖሮ፣ ሰሜን ዘምቶ፣ በሰው ክራንች ተመልሶ፣ ሳጥን ውስጥ ስንት ዘመን ዝም ብሎ። ትንፋሽ ሲነካው ደግሞ ያችኑ ድምፅ። ጸጉሬ ነው የቆመው።

"እማ፣ የእሱ ነው! የእሱ ነው በቃ!" ብላ ጀናን አቀፈቻት።

ሰዓዳ ግን አልሳቀችም። ቀለሁን መዳፏ ላይ አስተኝታ ስታየው ቆየችና፣

"ሰውየው አልዋሸኝም" አለች። "ኡበይድ ወደ ደጄ ሲመጣ የሚጠራኝ በዚህ ነው። ደጄ እንደማይደርስ ሲያውቅ ነው የላከው።"

አርባ ዓመት ያልመጣው መርዶ እዚያች የምድጃ መጠገኛ ውስጥ መጣ። አለቀስን። ነጅመዲን እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ እኔም በበኩሌ "ነፍስ ይማር" አልኩ። ስንወርድ ሰዓዳ ዳገቱ መሐል ላይ ቆመችና፣ ባሏ የሞተባት ሴት ስለምትቀመጠው የሐዘን ጊዜ፣ ስለ ዒዳ፣ አወራችኝ። ያን ጊዜ ሴት ኩል አትኳልም፣ አታጌጥም፤ ወራቱ ሲያልቅ ግን ተፈቅዶላታል።

"ዒዳዬን ሳላውቀው ነው የጨረስኩት፣ ሒሩትዬ" አለች። "ትርፍም አለኝ።"

የጀናን ሠርግ ጠዋት ዕቃው በአዲስ ኩል ተሞላ። ሰዓዳ በኡበይድ ሽቦ የልጅቱን ዓይን ኳለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አገጯን ሰጠችኝ።

"በይ፣ አንቺ ኳይኝ። እንዳታጨማልቂኝ ብቻ።"

"ዝም በይ፣ ዓይንሽን አታርገብግቢ!"

ያ ዓይን ተኩሎ ሲወጣ! ሙሽራዋ ራሷ ዞራ አየቻት። ሰዓዳም የኩል ዕቃውን በአረንጓዴው ጨርቅ ጠቅልላ ጀናንን "ያዥ" አለቻት። "ኩሉ ሲያልቅ ንፊው" አለቻት፤ "ባልሽ ይስማ።"

ከሠርጉ በኋላ ላምበረት ጎራ ብዬ ነበር። የሰሜን አውቶቡስ ገብቶ ሰው ይወርዳል፣ ተሸካሚው ይጮኻል። ሰዓዳ በርጩማዋን አዙራዋለች፤ ጀርባዋ ለመግቢያው በር፣ ፊቷ ለሻይ ጠጪው። ኩሏን ተኩላ ሻይ ትቀዳለች። አንድም ጠብታ አልፈሰሰባትም።