እህቴን ከደጅ ያቆምኩበት እግድ

ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ፓስተራችን «አምስት ደቂቃ» ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ ከጀመርኩ የማልቆም ሰው መሆኔን የጭሮ ገበያ ሁሉ ያውቃል። ብትታገሡኝ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። የማወራው እኔን የሚያስከብር ነገር አይደለም። እሱ ግን ይከብርበታል። ክብር ለስሙ ይሁን!

ለማታውቁኝ፣ ገበያው ጫፍ በረንዳ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋው ሰውዬ ነኝ። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። ያለችኝ አንዲት ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ ዘውዴ ትባላለች። ቆላ ወርዳ ቦርደዴ ከተማ አግብታ ስትኖር ባሏ ሞተባት። በዓመቱ ደግሞ አባታችን አረፉና ግቢያቸው ለሁለታችን ቀረ። እኔ ከአባቴ ጋር እዚያው ስለኖርኩ ሁሉም የእኔ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ የቦርደዴን ሙቀት ብቻዬን አልቻልኩትም። ከላይ በኩል አንዲት ክፍል ልቀልስና አጠገብህ ልኑር» አለችኝ። ድንጋይ አስጭና መጣች፣ አስወረደች። እኔ ምን አልኩ? «ዛሬ ክፍል ያለች ነገ ሁሉንም ልውሰድ ትላለች» አልኩ። በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ፍርድ ቤት ደጃፍ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ።

ከክስ ጋር እግድ የጠየቀ ሰው ካለ ያውቀዋል፤ ማመልከቻው ላይ ቃለ መሐላ ይያያዛል። «ግንባታው ባይታገድ የማይተካ ጉዳት ይደርስብኛል» ተብሎ ተጻፈ። ጸሐፊው ቀና ብሎ «ድርሻ የላትም እንዴ?» አለኝ። «ስትዳር አባታችን ሰጥተዋታል፤ ድርሻዋን ወስዳ ጨርሳለች» አልኩት። ውሸት! ወገኖቼ፣ ነጭ ውሸት! ስትዳር የወሰደችው አንድ የእንጨት ሳጥን ነው፤ እሱንም ተሸክሜ መኪና ላይ የጫንኩላት እኔው ነኝ። ግን ማልኩ፣ ፈረምኩ።

እግዱ ወጣ። ፖሊስ መጥቶ በሩ ላይ አነበበላት፤ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳትሠራ፣ ወደ ግቢውም እንዳትገባ ይላል። «እማማ፣ እግርዎ ይህን በር ካለፈ ይታሰራሉ» አላት። ሻንጣዋን አንስታ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ድንጋዩ እንደተከመረ ቀረ።

እኔ ታዲያ ጀግና ሆንኩ! የእግዱን ግልባጭ በላስቲክ ጠቅልዬ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሰው ሁሉ እያወጣሁ አሳያለሁ። ስልኳንም ከሞባይሌ አጠፋሁት። ቀስ በቀስ ግን ሰው ራቀኝ። «ቤቶች!» ብለው ዘው ይሉ የነበሩ ጎረቤቶቼ ከአጥሩ ውጭ ሰላም ብለው ማለፍ ጀመሩ። ለፋሲካ የገዛሁት አንድ ኪሎ ሥጋ ግማሹ ሸተተብኝ፤ ማን ይብላው? ከሥራ ስመለስ በሩን የምከፍተው እኔ፣ የምዘጋው እኔ። ሬዲዮ ከፍቼ ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ሲል «አብሮ ይስጥልን» እለው ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እየናፈቀኝ ኖርኩ። ድንጋዩ ላይ ሣር በቀለበት።

አንድ ቀን በቀትር ማሽኑ ላይ እንደተቀመጥኩ ሆዴን ቆረጠኝ። ቁርጠት እንዳይመስላችሁ፣ ጩቤ ነው! ባጃጅ ነጂ ሆስፒታል አድርሶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሆዴን ዳሰሰና «ጋሼ፣ አንጀትዎ ተጠማዟል፤ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎታል። አስታማሚዎ የታሉ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«መድኃኒት የሚያመጣ፣ ከጎንዎ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል እኮ። ዘመድ? ጎረቤት?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ልበል?

ያኔ ከወላይታ ተመድባ የመጣችው ሲስተር ሰላማዊት፣ ያቻት መዘምራኑ መካከል አንገቷን የደፋችው፣ ኮቴን ስታወልቅልኝ ያ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ወደቀ። ዘርግታ አየችው። «ይኸው፣ እዚህ ስልክ አለ!» አለች። የተጠሪ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ። ሞባይሌ ማሽኑ ላይ ቀርቷል፤ በዓለም ላይ በእጄ ያለኝ ብቸኛ ስልክ ቁጥር የከሰስኳት ሰው ቁጥር ነበር። «ኧረ በፈጣሪ፣ እሷን አይደለም!» አልኩ።

«ታዲያ ሌላ ማን አለዎት?» አለችኝ። ማንም አልነበረኝም። ደወለች።

እየጠበቅን «ልጸልይልዎት?» አለችኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ የሚሉኝን አሾፍባቸው ነበር። የዚያን ቀን ግን በፊቷ አለቀስኩ። እሷ ሳትጀምር እኔ ጀመርኩ፤ «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ሰው የለኝም። ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ በውሸት ምዬ ነው ያባረርኩት። ማረኝ፣ ከእንግዲህ የአንተ ነኝ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። ሕመሙ አልቆመም። ያ ብቻዬን ነኝ የሚለው ፍርሃት ግን ለቀቀኝ። ሃሌ ሉያ!

አመሻሹ ላይ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊያስገቡኝ ሲሉ ከቦርደዴ የደረሰችውን የእትዬን ድምፅ ሰማሁ። ሲስተር «እናቴ፣ ምኑ ነዎት?» ትላታለች። እትዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የከሰሰኝ ወንድሜ ነው» አለች። ከዚያ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ሐኪሙ ኋላ «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አንጀቱ ይበሰብስ ነበር» ብሎኛል። ጌታ ይባረክ! ስነቃ ኩርሲ ላይ ተቀምጣ እግሬን ይዛ አገኘኋት።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ በባጃጅ ቤቴ ድረስ ወሰደችኝ። ደግፋ አወረደችኝ፤ በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ ግቢ እንጂ!»

«አልገባም። ታግጃለሁ።»

«እኔ እኮ ነኝ ያሳገድኩሽ! እኔው ግቢ እያልኩሽ ነው!»

«አንተ ብቻ አይደለህም፣ መንግሥት ነው ያነበበልኝ። በስተርጅና እስር ቤት ልታስገባኝ ነው?» አለችና ጎረቤት ቤት አረፈች። እዚያ አጥሚቱን ትሠራና በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ እጠጣለሁ፤ እሷ ከአጥሩ ወዲያ «ጨረስከው?» ትለኛለች። ቅዱሳን፣ በሁለቱ ዓመት ያላለቀስኩትን ያኔ ነው ያለቀስኩት።

መራመድ እንደቻልኩ ወገቤን በነጠላ አስሬ ፍርድ ቤት ሄድኩ። «እግዱ ይነሣልኝ፤ ክሱንም ትቻለሁ። የማልኩት ሐሰት ነው» አልኩ። እታሰራለሁ ብዬም ፈርቻለሁ። ዳኛዋ መዝገቡን አገላብጠው በኦሮምኛ «ኦቦሌቲ ኬ ሚቲ?» አሉኝ፤ እህትህ አይደለችም ወይ ማለታቸው ነው። «ናት» አልኩ። ሰው ፊት አጥንቴ ድረስ እስኪሰማኝ ገሠጹኝ፤ ይገባኛል። ከዚያ እግዱን አነሡት።

ትእዛዙን ይዤ መጣሁ። እትዬ ማንበብ አትችልም፤ «በሩ ላይ ቆመህ አንብብልኝ፣ ያም የተነበበልኝ እዚያ ነው» አለችኝ። አነበብኩላት። ያኔ ገባች። ቤት እንኳ ሳትደርስ ቀጥ ብላ ወደ ድንጋዩ ሄደችና ሣሩን መንቀል ጀመረች።

ዛሬ ክፍሏ ተሠርታለች። ስሜን ከአጥር እስከ አጥር ትጠራዋለች፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር! ተመስገን ጌታዬ!

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ወንድሙን፣ እህቱን ከደጅ ያቆመ ካለ፣ ወረቀት ባይኖረውም በልቡ ያገደ ካለ፣ ጌታን እመኑት። እውነቱን ብናገር ባዶ እጄን እቀራለሁ ብላችሁ አትፍሩ። እኔ ባዶ የነበርኩት ግቢው ሁሉ በእጄ ሳለ ነው።

እትዬ እንደኔ አልተቀየረችም። «አንተ በሄድክበት ሂድ፣ እኔ የአባቴን እምነት አልለቅም» ብላኛለች። ግን ቁስሉ ገና ነው፣ ብቻህን አትሄድም ብላ ተከትላኝ መጥታለች። እዚህ ቤት «ግቢ» ያላት ስለሌለ አሁን ውጭ በሩ ጋ ቆማለች። እባካችሁ፣ ስትወጡ እንስበክሽ ብላችሁ አትክበቧት። «እትዬ ዘውዴ፣ ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ» በሏት። እኔ ይህችን ቃል ሁለት ዓመት ነፍጌያታለሁ።